ቁንዶ በርበሬ የጠራቸው፦ ኮቺን በእግር

መከለሻ ውስጥ ከኮረሪማው፣ ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ ጋር የምትገባው ቁንዶ በርበሬ አገሯ የት እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ኮረሪማ የእኛው የደን ልጅ ናት። ቁንዶ በርበሬ ግን ባሕር ተሻግራ የመጣች ናት። የትውልድ ቦታዋ ደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ ዛሬ ኬረላ የሚባለው ክልል ሲሆን፣ እዚያ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመች በምትወጣ ሐረግ ላይ ትንዠረገጋለች። ይህችን ጥቁር ፍሬ ብለው ሮማውያን ወርቃቸውን አፈሰሱ፣ ዐረቦች መርከብ አሰለፉ፣ ቻይናዎች መጡ፣ ፖርቱጋሎች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞረው ደረሱ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከተራገፈባቸው ወደቦች አንዷ ኮቺ ናት። ዛሬ ያለ አስጎብኚና ያለ መኪና፣ በእግር ብቻ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙ መቶ ዓመት የቆየ ታሪኳን ማዳረስ ይቻላል። መንገዱን ልንገራችሁ። እኔን በተለይ የሚያስደስተኝ ነገር ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ የራሳችን አገር ታሪክ ደጋግሞ ብቅ ማለቱ ነው።

ኮቺ ዛሬ ትልቅ ዘመናዊ ከተማ ናት። ፎቁና የገበያ አዳራሹ ያለው ኤርናኩላም በሚባለው በየብስ በኩል ነው። እኛ የምንፈልገው ከውሃው ማዶ ያሉትን ሁለቱን አሮጌ ሰፈሮች፣ ፎርት ኮቺንና ማታንቼሪን ነው። ከኤርናኩላም በጀልባ ተሻገሩ። የተለመደው የሕዝብ ጀልባ ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበልጥም፤ ከ2023 ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አዳዲስ ጀልባዎችም ገብተዋል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።) ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ሂዱ፤ ዓርብ ቤተ መንግሥቱ፣ ቅዳሜ ደግሞ ምኩራቡ ዝግ ነው። ጫማችሁ ቶሎ የሚወልቅ፣ ልብሳችሁ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ይሁን። ከጀልባ ስትወርዱ የባጃጅ ሾፌሮች በርካሽ እናዙራችሁ ይሏችኋል፤ የእነሱ መንገድ ግን ብዙ ጊዜ በስጦታ ዕቃ ሱቆች በኩል ነውና ለዛሬ አመስግናችሁ እለፏቸው።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር ልበል፤ እሱን ካልያዝን የምናየው ሁሉ የሕንፃ ብዛት ብቻ ይሆንብናል። ነገሩ ነፋሱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እኛ ዘንድ ክረምት በሚሆንበት ወራት፣ በአረብ ባሕር ላይ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይነሳና ወደ ህንድ ይነፍሳል። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ ይገለበጥና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ሞንሱን የሚባለው ይህ ነው። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ከቀይ ባሕር ወይም ከዐረብ ጠረፍ የተነሳ መርከብ በመጀመሪያው ነፋስ ይገባል፤ መመለስ ግን ባሻው ጊዜ አይችልም። ነፋሱ እስኪዞርለት ወራት ይጠብቃል። ነጋዴው በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ያደርጋል? ቤት ይከራያል፣ ቋንቋ ይለምዳል፣ ይጸልያል፣ ያገባል። ለከርሞ ጭነት የሚያሰባስብለት ሰው ያስፈልገዋልና ወንድሙን ወይም ልጁን ትቶ ይሄዳል። ትውልድ ሲያልፍ ያ ቤት ሰፈር ይሆናል፤ ሰፈሩም የራሱን የጸሎት ቤት ይሠራል። የጠረፉ ነገሥታት ደግሞ ኑሯቸው ከንግዱ በሚገኝ ቀረጥ ላይ ስለነበረ፣ ለመጣው ነጋዴ መሬት ይሰጡታል፤ እንደ እምነቱ እንዲያመልክም ይፈቅዱለታል። በኮቺ ጎን ለጎን የምናያቸውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ምኩራብና ቤተ ጣዖት በአብዛኛው ያስቀመጠው ይኸው የነፋሱና የቀረጡ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደቡ ራሱ የጎርፍ ልጅ ነው። ከኮቺ በስተሰሜን፣ በኮዱንጋሉር አካባቢ፣ በጥንት ዘመን ሙዚሪስ የሚባል ስመ ጥር ወደብ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያ የአክሱምን ወደብ አዱሊስንም ሙዚሪስንም ይጠቅሳል፤ የሁለቱ አገር ሰዎች በአንድ ባሕር ላይ ይነግዱ እንደነበር ከዚህ እናያለን። በ1341 የፔሪያር ወንዝ ከልክ በላይ ሞልቶ የድሮውን ወደብ በደለል ደፈነው፤ በኮቺ በኩል ደግሞ ሰፊ የባሕር በር ከፈተ። ንግዱም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ ወረደ።

አሁን እንጀምር። በጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፎርት ኮቺ የባሕር ዳር ድረሱ። እዚያ የቻይና መረብ የሚባሉት ግዙፍ የዓሣ ማጥመጃዎች ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። አሠራራቸውን ሳታዩ አትለፉ። ከእንጨትና ከቀርከሃ የተገጣጠመ፣ ከአሥር ሜትር የሚበልጥ ረጅም ክንድ አለ። በባሕሩ በኩል ሃያ ሜትር ገደማ የሚሰፋ መረብ ተንጠልጥሏል፤ በየብሱ በኩል ደግሞ ትልልቅ ድንጋዮች በገመድ ታስረዋል። ነገሩ እንደ ሚዛን ነው። ሁለቱ ወገኖች እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ስለተመዘኑ፣ አንድ ሰው በግንዱ ላይ ወደ ባሕሩ ሲራመድ በራሱ ክብደት ብቻ መረቡ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ይቆያሉ። ከዚያ አራት አምስት ሰዎች ገመዱን በአንድነት ሲስቡ ድንጋዮቹ ይወርዳሉ፣ መረቡም ዓሣውን እንደታቀፈ ይነሳል። ገመዱን አብራችሁ እንድትስቡ ይጋብዟችኋል፤ ሳቡ፣ ትንሽ ጉርሻም ስጧቸው።

መረቡን ማን አመጣው? የአገሬው ሰው የቻይና መርከበኞች ናቸው ይላል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአድሚራል ዠንግ ኸ ታላላቅ መርከቦች ኮቺ መድረሳቸው የታወቀ ስለሆነ ነገሩ ከእውነት የራቀ አይመስልም። ሌሎች ደግሞ ዘግይተው ከማካው ያመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው ብለው ይከራከራሉ። እኔን የሚገርመኝ የትኛውም ቢሆን ያው መሆኑ ነው፤ ከምሥራቅ እስያ የተነሳ የዓሣ አጠማመድ እዚህ የኬረላ ሰው ሙያ ሆኖ ቀርቷል።

ከመረቦቹ የባሕሩን ዳርቻ ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ጥቂት የግንብ ፍርስራሾች ታያላችሁ። ፎርት ኮቺ ስሟን ያገኘችው ከምሽግ ነው፤ የቀረው ምሽግ ግን ይኸው ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፖርቱጋሎች ሲመጡ የጠረፉ ኃያል ንጉሥ በስተሰሜን የካሊከቱ ዛሞሪን ነበር። የኮቺው ንጉሥ ከእሱ ጫና ለመውጣት ሲል አዲሶቹን እንግዶች ተጠጋ። በ1503 አፎንሶ ደ አልቡከርኬ በንጉሡ ፈቃድ ምሽጉን ሠራ፤ ይህም የአውሮፓውያን የመጀመሪያው ምሽግ በህንድ ምድር ሆነ። ደች በ1663 ከተማዋን ከፖርቱጋል ነጠቁና ምሽጉን አሳንሰው እንደገና ሠሩት። እንግሊዞች በ1795 ያዙት፤ በ1806 ደግሞ በባሩድ አፈረሱት። ሦስት ገዥ እየተፈራረቀ የገነባውና የተዋጋበት ግንብ እንዲህ ሲጠፋ፣ የነጋዴውና የዓሣ አጥማጁ የጸሎት ቤት ግን ቆሟል።

ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1503 በእንጨት ተሠርቶ ኋላ በ1516 በድንጋይ የታነጸ፣ አውሮፓውያን በህንድ ከሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ቀዳሚ የሚባለው ነው። ለፖርቱጋሎች የካቶሊክ፣ ለደች የፕሮቴስታንት፣ ለእንግሊዞች የአንግሊካን ሆኖ አገልግሏል፤ ዛሬ የደቡብ ህንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ ስትገቡ ቀና በሉ። ከጣራው የተንጠለጠሉት ረጃጅም የጨርቅ ማራገቢያዎች በገመድ ከውጭ የሚሳቡ ነበሩ፤ ምእመኑ ውስጥ ሲቀዘቅዝለት ገመዱን የሚስበው ሰው ውጭ ይቀመጥ ነበር። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ከባድ የድንጋይ ጽላቶች በፊት ወለሉ ላይ የነበሩ የፖርቱጋልና የደች መቃብር ድንጋዮች ናቸው።

በወለሉ ላይ በብረት አጥር የተከለለው ድንጋይ ጋ ስትደርሱ ግን ቆም በሉ። ቫስኮ ዳ ጋማ የተቀበረው እዚህ ነው። በ1498 ካሊከት አጠገብ ደርሶ የባሕሩን መንገድ ለአውሮፓ የከፈተው ይህ ሰው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ህንድ በመጣበት ዓመት፣ በ1524 የገና ዋዜማ ኮቺ ውስጥ ሞተ። አጽሙ ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ፖርቱጋል ተወስዷል፤ እዚህ የቀረው ድንጋዩ ነው። አሁን ከትምህርት ቤት ታሪካችሁ አንድ ስም አውጡ፦ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ። በ1541 አራት መቶ ባለ ነፍጥ ወታደሮች ይዞ በምፅዋ በኩል የገባው፣ በኢማም አሕመድ ጦርነት ለዐፄ ገላውዴዎስ ወግኖ የተሰለፈው፣ በ1542 በወፍላው ውጊያ ቆስሎ ተማርኮ የተገደለው ያ ወጣት የዚህ ሰው ልጅ ነው። ያኔ በህንድ የፖርቱጋል ገዥ የነበረው ደግሞ ወንድሙ ኤስተቫዎ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ያ ጦርነት እንዴት እንደተገለበጠ ስንማር ታሪኩ ከምፅዋ የሚጀምር ይመስለን ነበር። እዚህ ድንጋይ አጠገብ ስትቆሙ ግን ክሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ቁንዶ በርበሬው ንግድ ድረስ ይመዘዛል።

የደች መቃብር ስፍራ ከባሕሩ አጠገብ ነው፤ ከ1724 ጀምሮ ያለ ነው፣ በሩ ብዙ ጊዜ የተቆለፈ ስለሆነ በአጥሩ ላይ አይታችሁ እለፉ። የሳንታ ክሩዝ ካቴድራልም በመንገዳችሁ ላይ ነው። ፖርቱጋሎች የሠሩትን የመጀመሪያውን ሕንፃ እንግሊዞች አፍርሰውታል፤ አሁን የምታዩት ነጩ ሕንፃ በ1905 የተመረቀ ነው። ጣራው ሥር ያለውን ሥዕል አይታችሁ ውጡ፤ ቀኑ ሳይሞቅ ወደ ማታንቼሪ መሄድ አለብን።

ወደ ማታንቼሪ የሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጠቅላላው ጉዞ የምወደው ክፍል እሱ ነው። መጀመሪያ አስፒንዎል ሃውስ የሚባለውን ትልቅ ግቢ ታልፋላችሁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ቁንዶ በርበሬ፣ ቡናና ሻይ ለመላክ ያቋቋመው ድርጅት መጋዘን ነበር። ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ደግሞ ኮቺ ሙዚሪስ ቢናሌ የሚባለው የዘመናዊ ጥበብ ትርኢት ዋና ቦታ ሆኖ አገልግሏል። ከዚያ ባዛር ሮድ ይጀምራል፦ ጠባብ መንገድ፣ በአንድ ወገን ጀርባቸውን ለውሃው የሰጡ አሮጌ መጋዘኖች፣ ዝንጅብል፣ ሄል፣ እርድና ሩዝ የታጨቀባቸው ጆንያዎች፣ መንገዱን ዘግተው የሚያራግፉ የጭነት መኪናዎች። ንግዱ ዛሬም በሕይወት አለ። መርካቶ ቅመም ተራ ያደገ አፍንጫ እዚህ ባዕድነት አይሰማውም።

ማታንቼሪ ስትገቡ ለአፍሪካዊ ጎብኚ ከሁሉ የሚከብደውን ቦታ ፈልጉ። ሰዎቹን የካፒሪ ሙታፓን ቦታ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንጋቱሙኩ የሚባለውን አካባቢ ያሳዩአችኋል። ጣዖት የለበትም፣ ካህን የለበትም። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ትንሽ መደብ ነው፤ ላዩ ላይ ሻማ፣ አበባ፣ ሲጋራ፣ አንዳንዴም ከዘንባባ የሚጠመቅ መጠጥ ይቀመጥበታል። ፖርቱጋሎች ወደ ኮቺ ያመጡት ቁንዶ በርበሬ የሚጭን መርከብ ብቻ አልነበረም፤ ከአፍሪካ ጠረፍ የተጋዙ ባሪያዎችንም አምጥተዋል። በሰፈሩ የሚነገረው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ደች ከተማዋን ሲከቡ ፖርቱጋሎች ሀብታቸውን በየግድግዳውና በየዛፉ ሥር ቀበሩ፤ መንፈሳቸው ሀብቱን እንዲጠብቅ ብለውም አፍሪካውያን ባሪያዎቻቸውን እየገደሉ አብረው ቀበሯቸው። የሞቱት ሰዎች ስም የለም፤ ከየትኛው መንደር እንደመጡም የተጻፈ የለም። የሰፈሩ ሰው ግን፣ ሂንዱውም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ያንን አፍሪካዊ መንፈስ እንደ ደግ አያት ያየዋል። የጠፋ ዕቃ ያስገኛል፣ የተጨነቀን ይረዳል ይላሉ። ብዙዎቹ የጉዞ መጻሕፍት ስለ ምኩራቡና ስለ መረቡ በሰፊው ጽፈው ይህን ቦታ ይዘሉታል። እናንተ አትዝለሉት፤ ስለ ኮቺ መቻቻል ብቻ የሚያወራ ሰው የታሪኩን ግማሽ ነው የነገራችሁ።

ከዚያው ከማታንቼሪ ሳትወጡ የኩናን መስቀል ቤተ ክርስቲያንን ጎብኙ። ሕንፃው የቅርብ ነው፤ ቦታው ግን ትልቅ ነገር የተደረገበት ነው። በኬረላ ሐዋርያው ቶማስ ሰብኮናል የሚሉ ጥንታውያን ክርስቲያኖች ፖርቱጋሎች ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ኖረዋል። ጳጳሳቸው ከሶርያና ከፋርስ በኩል ይመጣላቸው ነበር፤ ልክ የእኛ ጳጳስ ከእስክንድርያ ይመጣ እንደነበረው። ፖርቱጋሎችና ኢየሱሳውያን ግን ወደ ሮም ሊያስገቧቸው ጫኑባቸው። በ1652 አሐተላ የሚባል ጳጳስ ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሲመጣ ፖርቱጋሎች ያዙት። የጫነችው መርከብ ኮቺ ስትቆም ሕዝቡ እንዲያዩት ለመነ፤ ፖርቱጋሎች ከለከሉ። በባሕር አሰጠሙት የሚል ወሬም ተሰማ። ጥር 3 ቀን 1653 ሕዝቡ ማታንቼሪ ላይ በአንድ የድንጋይ መስቀል ዙሪያ ተሰብስቦ ከእንግዲህ ለኢየሱሳውያን አንገዛም ብሎ ማለ። መስቀሉን ሁሉም በእጁ መንካት ስላልቻለ ረጃጅም ገመድ አሰሩበትና ገመዱን ይዘው ማሉ፤ ከክብደቱ የተነሳ መስቀሉ ጎበጠ ይባላል።

ይህን ሲሰማ ጎንደርን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ የመለሰው በ1632 ነው፤ ቀጥሎ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። ከነሱ አንዱ የነበረው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የተመለሰው ወደዚሁ ወደ ህንድ ጠረፍ፣ ወደ ጎዋ ነበር፤ የሞተውም እዚያ ነው። ስለዚህ በኮቺ ክርስቲያኖችና በእኛ ላይ የመጣው ጫና ከአንድ ምንጭ፣ ከጎዋ የፖርቱጋል ማዕከል የወጣ ነው፤ መልሳቸውም የሃያ አንድ ዓመት ልዩነት ብቻ ነበረው። ከመሐላው በኋላ ሕዝቡ ተከፍሎ የተወሰነው ከሮም ጋር ቀረ። ከሌላው ወገን የመጣችው የህንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር አንድ እምነት አላት፤ በጥር 1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ በጠሩት የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ላይም ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን ጋር ተቀምጣለች።

ግንኙነቱ በቤተ ክህነት አላበቃም። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማረውን ህንዳዊ መምህር ያስታውሳል። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ከኮቺ ጥግ ካለችው ከትሪፑኒቱራ የተወለዱት ፖል ቨርጊስ ናቸው። በ1947 ኢትዮጵያ መጥተው አስተማሩ፣ አማርኛም ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1956 ህንድን ሲጎበኙ አግኝተዋቸው ወደ አዲስ አበባ ጠሯቸውና በአማካሪነት አገልግለዋል። ኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተብለው የዴልሂ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ማኅበርም ከፕሬዚዳንቶቹ አንዱ ነበሩ።

ማታንቼሪን ዝም ብላችሁ ብትዞሩባት እንኳ ትክሳለች። ከጎዋ በፖርቱጋሎች ተሳደው የመጡት ኮንካኒዎች የራሳቸውን ቤተ ጣዖት ሠርተዋል። ጉጃራቶች ሱቅና ጣፋጭ ቤት አላቸው። ጃይኖች ርግብ የሚቀልቡበት ቤተ ጸሎት አላቸው፤ ከጉጃራት ወገን የመጡ የኩች ሙስሊሞችም ሰፈር አላቸው። ከታሚል ናዱ የመጡት ልብስ አጣቢዎች ደግሞ ዶቢ ካና በሚባለው ቦታ የሚያጥቡት እስከ ዛሬ በእጃቸው ነው፤ አባቶቻቸው የመጡት የጦር ሠራዊት ልብስ ለማጠብ ነበር። ምሳችሁን እዚሁ ብሉ፤ ዓሣ በኮኮናት ወጥ ከሩዝ ጋር።

ከምሳ በኋላ ቤተ መንግሥቱ። ከውጭ ስታዩት ብዙም አያስደንቅም። ፖርቱጋሎች በ1555 ገደማ ሠርተው ለንጉሥ ቪራ ኬረላ ቫርማ በስጦታ ሰጡት፤ ቤተ ጣዖት በመዝረፋቸው የተቆጣውን ንጉሥ ለማባበል ነው ይባላል። ደች በ1663 ስላደሱት የደች ቤተ መንግሥት እየተባለም ይጠራል። ውስጡ ግን ፍጹም የኬረላ ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በራማያና ታሪክ ሥዕል ተሞልቷል፤ ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ቀለም ዛሬም ደምቆ ይታያል። የነገሥታቱን ሥዕል ስታዩ አንድ ነገር አስታውሱ፦ በኮቺ ዙፋኑ ከአባት ወደ ልጅ አይሄድም ነበር፤ የሚወርሰው የንጉሡ የእህት ልጅ ነው።

አሁን ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ ያለውን ተመልከቱ። የንጉሡ ቤተ ጣዖትና የአይሁድ ምኩራብ የሚለዩት በአንድ ግድግዳ ነው። የፓራዴሲ ምኩራብ በ1568 የተሠራው ከስፔንና ከሌሎች አገሮች ተሰደው በመጡ አይሁድ ነው፤ መሬቱን የሰጣቸው ንጉሡ ነው፣ ያውም ከገዛ ቤተ መንግሥቱ ጥግ። አይሁድ በከበባው ጊዜ ለደች ስላደሉ ፖርቱጋሎች በ1662 አቃጠሉት፤ ደች ከተማዋን ሲይዙ እንደገና ታነጸ። ጫማችሁን አውልቁና ግቡ። በእግራችሁ የምትረግጡት ሰማያዊና ነጭ ንጣፍ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቻይና የመጣ ነው፤ እያንዳንዱ በእጅ የተሣለ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ይለያል። ከጣራው የተንጠለጠሉት የመብራት መስታወቶች የቤልጅግ ናቸው። በ1760 የተሠራው የሰዓት ማማ ቁጥሮቹ በየፊቱ በተለያየ ፊደል ተጽፈዋል፤ ዕብራይስጥም፣ ሮማይስጥም፣ የአገሬው ማላያላምም አለበት። ከሀብቱ መካከል የጥንት የመዳብ ሰሌዳዎች አሉ፤ የጠረፉ ንጉሥ ዮሴፍ ራባን ለተባለ የአይሁድ አለቃ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የሰጠው መብት የተቀረጸባቸው ናቸው። ምንጣፉንም አስተውሉ። ከምኩራቡ ስጦታዎች አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያበረከቱት ምንጣፍ ነው።

እዚህም ቢሆን ጥላ አለ። በምኩራቡ ውስጥ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ዘሮች ለብዙ ዘመን ከሌላው እኩል አይቆጠሩም ነበር፤ ወንበር ላይ መቀመጥም ኦሪቱን ማንበብም ተከልክለዋል። ከእነሱ ወገን የተወለዱት የሕግ ባለሙያው አብርሃም ባራክ ሳሌም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጋንዲን የሰላማዊ ትግል መንገድ ይዘው ተሟገቱ፤ በዕድሜ ዘመናቸውም ክልከላው እየላላ ሲሄድ አዩ። የአይሁዱ ጋንዲ ይሏቸዋል። በ1950ዎቹ አብዛኛው የኮቺ አይሁድ ወደ እስራኤል ሲሄድ እሳቸው እዚሁ ቀሩ፤ በ1967 ዐረፉ። ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ አይሁድ የቀረ የለም ማለት ይቻላል፤ ቤቶቹ የዕቃና የቅመም ሱቅ ሆነዋል።

እስራኤል ያላችሁ ወዳጆቼ ይህን ጉዞ ከዚያው ከሌላው ጫፍ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። ከፓራዴሲዎቹ በፊት ጀምሮ በኬረላ የኖሩት የማላባር አይሁድ ማታንቼሪ ውስጥ ካዳቩምባጋም የሚባል የራሳቸው ምኩራብ ነበራቸው። ሕንፃው ሰው አጥቶ ኖሮ በ2019 ዝናብ ጊዜ ፈረሰ። የውስጡ የተጠረበ እንጨት ግን ቀደም ብሎ ተነቅሎ ስለተወሰደ ዛሬ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ውስጥ ተገጣጥሞ ቆሟል። ከቤር ሸባ ብዙ በማትርቀው በኔቫቲም ሞሻቭ ደግሞ ከኮቺ የሄዱት ሰዎችና ልጆቻቸው የራሳቸውን ምኩራብና ሙዚየም አቋቁመዋል፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ከሄዳችሁ ታሪኩን የሚነግሯችሁ ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው።